የሜሪላንድ ባቡርና ሰዎቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሮክቪል ወይም ጌተርስበርግ የምትኖሩ የጭነት ባቡሩን ጡሩምባ ሳትሰሙ አታድሩም። ያንን ሐዲድ ማን ዘረጋው? መቼ? ልጆች ከትምህርት ቤት የሜሪላንድ ታሪክ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስበናል። ዓመቶቹም ወራቱም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ባቡር የተጀመረው ሜሪላንድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው አዎ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1826 ጀምሮ ከካባ ድንጋይ የሚያወጣ አጭር ሐዲድ ነበር። እሱ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ የተዘረጋ ነው፤ ሰው ሒሳብ ከፍሎ አይሳፈርበትም። ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ፣ በአጭሩ ቢ ኤንድ ኦ፣ በየካቲት 1827 ከሜሪላንድ ምክር ቤት ፈቃድ ሲያወጣ ሐሳቡ ሌላ ነበር። የከፈለን ሰው ሁሉ የሚያሳፍር፣ የማንንም ዕቃ የሚጭን ባቡር ነው የታሰበው። የመጀመሪያው መስመር ከባልቲሞር ተነስቶ ዛሬ ኤሊኮት ሲቲ እስከምንላት ከተማ የሚደርስ 13 ማይል ነበር። በግንቦት 1830 ተከፈተ። ፉርጎዎቹን ይጎትቱ የነበሩት ፈረሶች ናቸው።

ለምን ባልቲሞር? ኒውዮርክ ለምን አልሆነችም?

ኒውዮርክ ባቡር አላስፈለጋትም። በ1825 የኢሪ ቦይ ተከፍቶላት የምዕራቡን እህልና ዕቃ በጀልባ ወደ ወደቧ ማስገባት ጀምራ ነበር። ባልቲሞር በካርታ ሲታይ ለምዕራቡ ቅርብ ናት። መሃል ላይ ግን ተራራ አለ፣ ያላትም መንገድ የፈረስ ጋሪ መንገድ ነው። ነጋዴዎቿ ገበያቸው ዓይናቸው እያየ ሊነጠቅ መሆኑ ገባቸው።

በየካቲት 1827 የከተማዋ ነጋዴዎች የባንክ ባለሀብቱ ጆርጅ ብራውን ቤት ተሰበሰቡ። ከሁለት ሳምንት ትንሽ በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ ፈቃዱን በእጃቸው አስገቡ። ዛሬ የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይቀና አይቀርም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፊሊፕ ቶማስ ሆነ፤ እሱም የባንክ ሰው ነው። የባቡር ሥራ የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላቸው አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ እንኳ ነገሩ ገና በሙከራ ላይ ነበር። ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው ዊሊንግ ለመድረስ እስከ 1852 መጨረሻ ፈጅቶባቸዋል።

ቻርለስ ካሮል ማነው? ስሙ በየቦታው ለምን አለ?

ካሮል ካውንቲን፣ ካሮልተንን፣ የካሮልተን ድልድይን ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ቻርለስ ካሮል የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች ብቸኛው ካቶሊክ ነው። ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን በአንድ ቀን፣ ጁላይ 4፣ 1826 ከሞቱ በኋላ ከፈራሚዎቹ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጁላይ 4፣ 1828 የባቡሩ የመጀመሪያ ድንጋይ ሲቀመጥ አካፋውን የያዘው የ90 ዓመቱ ሽማግሌ ካሮል ሆነ። ያን ቀን የሠራሁት ሥራ አዋጁን ከመፈረሜ ቀጥሎ የሚቆጠር ነው፣ ምናልባትም አያንስም ማለቱ ይነገርለታል።

በበዓሉ ንግግሮች የማይነሳ ሌላ ወገን አለው። ካሮል ከሜሪላንድ ታላላቅ የባሪያ ባለቤቶች አንዱ ነበር። የነፃነት አዋጅ ፈራሚም፣ የብዙ መቶ ሰዎች ጌታም ነው። ለልጆች ሲነገር ሁለቱም አብሮ ቢነገር ጥሩ ነው።

በዚያው ቀን ዋሽንግተን አካባቢ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይን ቁፋሮ እያስጀመሩ ነበር። አካፋቸው ሥር መትቶ አልገባም አላቸው። ኮታቸውን አውልቀው እንደገና ሲቆፍሩ ሕዝቡ አጨበጨበ። ቦዩና ባቡሩ በአንድ ሸለቆ ለማለፍ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተካሰዋል። ባቡሩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1842 ሲሆን ቦዩ ግን በ1850 ነው።

ከፈረስ ጋር ተወዳድሮ የተሸነፈው ባቡር ታሪክ ተረት ነው?

ባቡሩ ተረት አይደለም። ፒተር ኩፐር የኒውዮርክ ሰው ነው። ባልቲሞር ወደብ አጠገብ ሰፊ መሬት ገዝቶ ነበር፤ ባቡሩ ከከሸፈ የመሬቱ ዋጋ አብሮ ይወድቃል። የኩባንያው ሰዎች ጠመዝማዛው መንገድ ለእንፋሎት ባቡር አይመችም ብለው ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ «ቆይ፣ እኔ አሳያችኋለሁ» ብሎ ተነሳ። ትንሽ ሞተር ገጣጠመ። ለቦይለሩ ቱቦ ሲያጣ የጠመንጃ አፈሙዝ ቆርጦ ተጠቀመ። በነሐሴ 1830 የኩባንያውን ኃላፊዎች ጭኖ ደርሶ መለሳቸው። ቶም ታም ይባላል።

የፈረሱ ውድድር የመጣው የኩባንያው ጠበቃ ጆን ላትሮብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከተናገረው ነው። እንደ እሱ አባባል ባቡሩ እየመራ ሳለ እሳቱን የሚያራግበው ማራገቢያ ቀበቶ ሸርተት አለ። ኩፐር በእጁ ሊመልሰው ሲሞክር እጁ ቆሰለ፣ ፈረሱም አለፈ። ውድድሩ በእርግጥ ተደርጓል ወይ የሚለውን የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ተደረገም አልተደረገ፣ ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ወደ እንፋሎት ፊቱን አዞረ። ኩፐር በ1876 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነትም ተወዳድሯል። ያኔም አላሸነፈም።

ትላልቆቹን የድንጋይ ድልድዮች ማን ሠራቸው?

በጣም የሚታወቀው ሪሌይና ኤልክሪጅ መካከል ፓታፕስኮ ወንዝን የሚሻገረው የቶማስ ድልድይ ነው። በ1835 ተጠናቀቀ። ስምንት ቅስት አለው፣ ደግሞም ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ቀስት የታጠፈ ነው። የነደፈው ትንሹ ቤንጃሚን ላትሮብ ነው። በዚያው ስም የሚጠራው አባቱ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ ከነደፉት አንዱ ሲሆን ወንድሙ ከላይ የጠቀስነው ጠበቃ ነው። ሲሠራ ብዙ ሰው «ይሄ የላትሮብ ጅልነት ነው፣ ይወድቃል» ብሎ ነበር። ያኔ ባቡሩ ጥቂት ቶን ቢመዝን ነው። ዛሬ ከባድ የጭነት ባቡርና የማርክ የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ ያልፍበታል።

ድንጋዩን የጠረቡትና አፈሩን የዛቁት ግን አብዛኞቹ የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው። ስማቸው ሐውልት ላይ የለም። በ1831 ሳይክስቪል አካባቢ አንድ ሥራ ተቋራጭ ደመወዛቸውን ይዞ ጠፋ። ሠራተኞቹም የሠሩትን ሐዲድ መነቃቀል ጀመሩ። እነሱን ለመያዝ ከባልቲሞር የተላከው ጦር የመጣው በዚያው በሠሩት ሐዲድ ላይ ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት ያመለጠው በባቡር ነው?

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሒሳቡን ከፍሎ። ከሜሪላንድ የባቡር ታሪኮች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው።

ያኔ ስሙ ፍሬድሪክ ቤይሊ ነበር። የተወለደው ቼሳፒክ ማዶ ታልቦት ካውንቲ ነው። ባልቲሞር ውስጥ የመርከብ ቀዳዳ የመድፈን ሥራ ይሠራል፤ ደመወዙን ግን የሚወስደው ጌታው ነው። ባቡር የሚሳፈር ጥቁር ሰው ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ማሳየት ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ቁመት፣ የቆዳ ቀለም፣ ጠባሳ ሳይቀር ተጽፏል። ፍሬድሪክ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረውም። አንድ ነፃ መርከበኛ ወዳጁ የራሱን የመርከበኛ ወረቀት አዋሰው። ወረቀቱ አናት ላይ የአሜሪካ ንስር ታትሞበታል፤ መልኩ ግን ከፍሬድሪክ ጋር ጨርሶ አይገጥምም። ቢያዝ ሁለቱም አለቀላቸው።

ነፃ የተወለደችው እጮኛው አና መሪ በገንዘብ ረዳችው። እሱም የመርከበኛ ልብስ ለበሰ። ሴፕቴምበር 3፣ 1838 ትኬት መስኮቱ ጋ ቢቀርብ ወረቀቱ በደንብ ሊመረመር ነው። ስለዚህ ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘሎ ተሳፈረ። ትኬት ተቆጣጣሪው ለጥቁሮች የተለየው ፉርጎ ጋ ሲደርስ ሌሎቹን በቁጣ ሲያነጋግር ቆይቶ እሱን ሲያይ ለስለስ አለ። ወረቀቱን ሲጠይቀው ፍሬድሪክ ነፃነቴን የሚያሳየውን ወረቀት ባሕር ይዤ አልሄድም፣ ንስር ያለበት ይኸውና አለው። ሰውዬው ንስሩን አየት አድርጎ ሒሳቡን ተቀብሎ አለፈ። ዝርዝሩን ቢያነብ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጉዞው አላበቃም። ሐቨር ዴ ግሬስ ላይ ሱስኳሃና ወንዝን በጀልባ መሻገር ነበረበት። ያኔ ድልድይ አልነበረም። አንድ የሚያውቀው ጀርመናዊ አንጥረኛም ባቡሩ ላይ አብሮት ተሳፍሮ ነበር። ትክ ብሎ አየው። ፍሬድሪክ በኋላ እንደጻፈው ሰውየው ሳያውቀኝ አልቀረም፣ አሳልፎ ሊሰጠኝ ግን ልቡ አልፈቀደም። ከዊልሚንግተን በመርከብ ፊላደልፊያ፣ ከዚያ እንደገና በባቡር ኒውዮርክ። ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነፃ ሰው ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አና ተከትላው መጥታ ተጋቡ።

ከባልቲሞር ወደ ፊላደልፊያ በአምትራክ የምትሄዱ ከሆነ ሱስኳሃናን ስትሻገሩ በመስኮት ተመልከቱ። ቦታው እሱ ነው።

የሃሪየት ታብማን «የምድር ውስጥ ባቡር»ስ?

እሱ ሐዲድም ሞተርም የለውም። በባርነት ያሉ ሰዎችን በድብቅ ወደ ሰሜን የሚያሻግር የሰዎች መረብ ነው። መሸሸጊያ ቤቶቹን ጣቢያ፣ መሪዎቹን ደግሞ በባቡር ሠራተኛ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ያኔ ባቡር የዘመኑ ወሬ ነበርና። ታብማን የተወለደችው ሜሪላንድ፣ ዶርቼስተር ካውንቲ ነው። በ1849 አመለጠች። ከዚያም 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 ሰዎች አወጣች። ባቡሬ ከሐዲድ ወጥቶ አያውቅም፣ መንገደኛም አልጠፋብኝም ያለችው ለዚህ ነው።

ቴሌግራፍ ከባቡሩ ጋር ምን አገናኘው?

ሳሙኤል ሞርስ ኮንግረስ 30,000 ዶላር ሲመድብለት ሽቦውን የዘረጋው ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር በቢ ኤንድ ኦ ሐዲድ ዳር ነው። መጀመሪያ መሬት ውስጥ ሊቀብረው ሞከረ፣ አልሠራም። ከዚያ በእንጨት ላይ ሰቀለው። ሜይ 24፣ 1844 ከኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 23 የተወሰደችውን «እግዚአብሔር ምን አደረገ» የምትል ቃል ላከ። ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነው ነው። የዊግ ፓርቲ ባልቲሞር ተሰብስቦ ሄንሪ ክሌይን ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርጎ መረጠ። ሽቦው ገና ባልቲሞር አልደረሰም። ወሬው እስከ አናፖሊስ ጃንክሽን በባቡር መጣ፤ ከዚያ በሽቦ ወደ ዋሽንግተን ተላከ። ባቡሩ ወሬውን ይዞ ዋሽንግተን ሲገባ ሰው ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ሰምቶታል።

ሊንከን በባልቲሞር በሌሊት ለምን አለፈ?

በየካቲት 1861 ሊንከን ሥልጣን ሊረከብ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ ባልቲሞር ላይ ሊገድሉት አሲረዋል የሚል መረጃ መጣ። መረጃውን ያሰባሰበው መርማሪው አለን ፒንከርተን ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ ኬት ዎርን በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት መርማሪ ናት፤ ሊንከንን የታመመ ወንድሟ አስመስላ አሳፈረችው።

ከፊላደልፊያ የሚመጣው ባቡርና ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ባቡር የሚቆሙት በተለያየ ጣቢያ ነው። በከተማው መሃል ደግሞ ሎኮሞቲቭ ማለፍ ክልክል ነበር። ስለዚህ ፉርጎው በፈረስ እየተጎተተ በከተማው ውስጥ ወደ ካምደን ጣቢያ መሄድ ነበረበት። ሊንከን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ማንም ሳያውቅ አለፈ። ሚያዝያ 19 ግን የማሳቹሴትስ ወታደሮች በዚያው መንገድ በቀን ሲያልፉ ሕዝቡ ድንጋይ አነሳ፣ ተኩስም ተከፈተ። 4 ወታደሮችና 12 ሲቪሎች ሞቱ። በእርስ በርስ ጦርነቱ በውጊያ የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው እዚያ ነው። ካምደን ጣቢያ አሁንም ከኦሪዮልስ ስታዲየም አጠገብ ቆሟል።

ጆንስ ሆፕኪንስ ዶክተር ነበር?

አልነበረም፤ ነጋዴ ነው። በጅምላ ንግድ ሀብት አፍርቶ ገንዘቡን ባቡር ላይ አዋለ። ከቢ ኤንድ ኦ ትላልቅ ባለአክሲዮኖች አንዱ ነበር፣ በ1857 የገንዘብ ቀውስም ኩባንያውን በራሱ ገንዘብ ደግፏል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በ1873 ሲሞት ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል 7 ሚሊዮን ዶላር ተናዘዘ። ባርነትን ይቃወም ነበር ሲባል ኖሯል። በ2020 ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቤቱ በባርነት የተያዙ ሰዎች እንደነበሩ የሚያሳዩ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች መገኘታቸውን አስታውቋል። ክርክሩ ቀጥሏል።

የዩኒቨርሲቲው ድርሻ አብዛኛው የባቡር አክሲዮን ነበር። ባቡሩ ሲታመም ዩኒቨርሲቲውም ታመመ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ትርፍ ማከፋፈል ሲያቆም የሕክምና ትምህርት ቤቱን መክፈቻ ገንዘብ ጠፋ። ሆስፒታሉ በ1889 ቢከፈትም ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ሜሪ ጋሬት ትመጣለች። አባቷ ጆን ጋሬት ቢ ኤንድ ኦን ከ1858 እስከ 1884 የመራ ሰው ነው። ልጁ ንግዱን አብጠርጥራ ብታውቅም ሴት በመሆኗ ኩባንያው ውስጥ ቦታ አልነበራትም። ገንዘቡ ሲያጥር ከጓደኞቿ ጋር ሆና እኛ እንሞላዋለን አለች። ግን በነፃ አይደለም፦ ሴቶች ከወንዶች እኩል ካልተቀበላችሁ አንድ ሳንቲም የለም። የቦርዱ ሰዎች ብዙ አንገራገሩ። በ1893 ትምህርት ቤቱ ሴቶችንም ተቀብሎ ተከፈተ። በባቡር ከተሠራው ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ በብልሃት የወጣ ያለ አይመስለኝም።

የ1877ቱ አድማ ሜሪላንድን እንዴት ነካት?

ክፉኛ ነው የነካት። በሐምሌ 1877 ቢ ኤንድ ኦ ደመወዝ 10 በመቶ ቀነሰ። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ላይ ሠራተኞች ባቡር አናስወጣም አሉ። አድማው በቀናት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ሐምሌ 20 ባልቲሞር ላይ የስቴቱ ጦር በሕዝብ ላይ ተኩሶ ቢያንስ 10 ሰው ገደለ። ጦሩን የጠራው ገዥ ጆን ሊ ካሮል ይባላል። የዚያ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጠው የቻርለስ ካሮል የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

እኛ ሰፈር ባቡሩ መቼ መጣ?

ከ1873 በፊት ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ባልቲሞር አቅጣጫ ተጉዞ ሪሌይ ላይ መቀየር ነበረበት። በዚያ ዓመት ከዋሽንግተን እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ የሚያቋርጥ አዲስ መስመር ተከፈተ። ሲልቨር ስፕሪንግን፣ ሮክቪልን፣ ጌተርስበርግን የሚያልፈው ይሄ ነው። ታኮማ ፓርክን በ1883 ቤንጃሚን ጊልበርት የቆረቆራት ባቡሩን አይቶ ነው፦ ከተማ ውስጥ ሠርተህ ገጠር እደር ብሎ መሬት ሸጠ። የሜትሮ ቀይ መስመር በ1978 ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስም የተዘረጋው በዚሁ በአሮጌው ሐዲድ ጎን ነው። የፌንተን ስትሪትና የጆርጂያ አቬኑ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከጣቢያው የእግር መንገድ ላይ መሆናቸው እንዲሁ የመጣ አይደለም።

የአውሮፕላን ማረፊያው ተርጉድ ማርሻልስ ከባቡር ጋር ምን አለው?

ቢደብልዩአይ የተሰየመለት ተርጉድ ማርሻል ባልቲሞር በ1908 ተወለደ። በ1967 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ ሆነ። አባቱ በባቡር የምግብ ፉርጎ አስተናጋጅ ነበር፤ እሱም የትምህርት ቤት ወጪውን ለመሸፈን ቢ ኤንድ ኦ ላይ ያንኑ ሥራ ሠርቷል። ረጅም ሰው ስለነበር የተሰጠው ሱሪ አጠረው። ሌላ ሲጠይቅ አለቃው ሱሪ ከመቀየር ሰው መቀየር ይቀለናል እንዳለው ራሱ ያወራ ነበር። አጭሩን ለብሶ ሠራ።

ኩባንያው አሁን አለ? ምንስ ማየት ይቻላል?

ስሙ በሞኖፖሊ ጨዋታ ላይ ቀርቷል። በ1987 ሲኤስኤክስ ውስጥ ገብቶ ቀለጠ። ሌሊት የምትሰሙት የጭነት ባቡር የሲኤስኤክስ ነው።

ልጆች ያላችሁ ባልቲሞር፣ ፕራት ስትሪት ላይ ወዳለው የቢ ኤንድ ኦ ሙዚየም ሂዱ። ካሮል ያስቀመጠው ድንጋይ እዚያ ነው። የክቡ አዳራሽ ጣሪያ በየካቲት 2003 በበረዶ ክብደት ወድቆ ብዙ አሮጌ ባቡር ጎድቶ ነበር፤ ተጠግኖ ተከፍቷል። ኤሊኮት ሲቲ ያለው የድንጋይ ጣቢያ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ አሮጌው ነው። የቶማስን ድልድይ በላዩ ማለፍ የሚፈልግ በማርክ ካምደን መስመር ይሳፈር። ያ መስመርና የሲልቨር ስፕሪንጉ የብረንስዊክ መስመር ግን ቅዳሜና እሁድ አይሠሩም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ዝግ የሆነበትን የሥራ ቀን ምረጡ።